ቀልዴን ከሕመሜ ለዪልኝ

ለምወድሽና ለምፈራሽ ታላቅ እህቴ፣ የቤታችን ሳጅን፣ እትዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ፣ ደረጃ ስትወጪ አሁንም እንደ አሮጌ በር ሲጥ ይላል ወይስ ዘይት ጠጣ? ባለቤትሽ ዝምተኛውስ? ካለፈው ጊዜ ወዲህ ሁለተኛ ቃል ተናገረ? ልጆቹ፣ ጣራው፣ ሲከፈት የሚያለቅሰው የጓዳ መስኮት፣ ካንቺ ምላስ የተረፉት ጎረቤቶች፣ ሁሉም ደህና ናቸው? ሰላምታዬ ባሕርና ተራራ አቋርጦ ይድረስሽ፤ ደክሞት ከደረሰ ውኃ ስጪው፣ ወንበርም አቅርቢለት።

እኔም «ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ» ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። የሰው ሁሉ ደብዳቤ እንደዚያ ነው የሚለው፤ የሞተ ሰው እንኳ ቢጽፍ እንደዚያ ይላል። የኔ ግን ከናፍቆት በስተቀር ሌላም ነገር አለበት። ስለዚህ ተቀመጪ። ደብዳቤ ቆመሽ፣ አንድ እጅሽን ወገብሽ ላይ አድርገሽ እንደምታነቢ አውቃለሁ። ተቀመጪ ብያለሁ እትዬ፤ እስቲ አንድ ቀን እንኳ እኔ ልዘዝሽ።

ባለፈው በስልክ ራሴን ያመኛል ስልሽ «ስልክ ላይ አፍጥጠህ እያደርክ ነው፣ ዓይንህን ጨፍን» ብለሽ ተቆጣሽኝ። ጨፈንኩ። አልተወኝም። ሐኪም ቤት ብሄድ እንደ ዋሻ በሚያጓራ ማሽን ውስጥ አስገብተው ፎቶ አነሡኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ «አሁን ይህ ጭንቅላትህ ውስጥ ምንድነው ያለው?» እያልሽ ትጠይቂኝ አልነበር? ይኸው መልሱ ተገኘልሽ። ዕጢ ነው ያለው። በግራ በኩል፣ ከጆሮዬ ከፍ ብሎ፣ የሎሚ ያህል። ፎቶው ላይ ግን ሎሚ አትመስልም፤ ለመዝነብ ገና ያልወሰነች ነጭ ደመና ነው የምትመስለው። ሳታስፈቅድ የገባች ስለሆነች «ተከራይዋ» ብዬ ስም አውጥቼላታለሁ። ክፉ ዓይነት አይደለችም አሉኝ፤ ቀስ ብላ የምታድግ፣ ጨዋ ቢጤ ናት። ጨዋም ብትሆን ግን መውጣት አለባት። በቀዶ ጥገና ትወጣለች ተባልኩና፣ ቀን እስኪቆረጥልኝ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ላንቺ ልነግርሽ ያሰብኩት ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነበር፤ ድንገት ባርኔጣዬን አንሥቼ ጠባሳውን በማሳየት ላስጮኽሽ። ሆስፒታሉ ግን ያን ያህል አልታገሠኝም።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። የልብስ ማጠቢያ ቤት ነው፤ የሆቴልና የሆስፒታል አንሶላ እናጥባለን። ከማድረቂያው ትኩስ ሆኖ የወጣ አንሶላ የሚታጠፈው በሁለት ሰው ነው። አንዱ ሁለት ጫፍ፣ ሌላው ሁለት ጫፍ ይይዝና ዘርግተው ያራግፉታል፤ ከዚያ እየተራመዱ ይገናኛሉ፣ ይለያያሉ፣ እንደገና ይገናኛሉ። ላየው ሰው ጭፈራ ነው። የኔ አጣፊ ጓደኛ ቁምሳጥን ይባላል፤ በበር ሲገባ ብርሃን ስለሚከለክል ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። እሱም እንደኔ የሌላ አገር ሰው ስለሆነ፣ የምንግባባው በሁለታችንም አፍ ውስጥ በተሰባበረው በዚህ አገር ቋንቋ ነው። ቀኑን ሙሉ በእንፋሎት ውስጥ ወደ እሱ ስሄድ፣ ከእሱ ስርቅ፣ አንዳንዴ ደመና እያጠፍን መደርደሪያ ላይ የምንከምር ይመስለኛል።

ታዲያ እኔ ያው የምታውቂው ነኝ። ሥራ ሲሰለቸኝ «ወይኔ፣ ሞትኩ!» ብዬ አንሶላ ክምር ላይ መውደቅ ልማዴ ነው። ቁምሳጥን ደግሞ ልማዴን ለምዶ፣ አንሶላውን ፊቴ ላይ ጣል ያደርግና የቀብር ንግግር ያደርግልኛል። «ሰነፍ ነበር፣ ብዙ ይበላ ነበር፣ ሲያጥፍ ጠርዝ ከጠርዝ አይገጥምለትም ነበር» እያለ። ካውያ ላይ ያሉት ሴቶች ሥራቸውን አቁመው ይስቃሉ። ለዚህ ነው ያ ቀን እንደዚያ የሆነው፤ ማንንም አትውቀሺ።

ረፋድ ላይ ነው። አንድ ሰፊ አንሶላ ይዘን ወደ እሱ ስራመድ የተቃጠለ ስኳር ሸተተኝ። ስኳር ያቃጠለ ሰው አልነበረም። ከዚያ የማሽኖቹ ድምፅ ሁሉ ውኃ ውስጥ ገባ። በመካከላችን ያለው አንሶላ ተነፋ፣ ተነፋ፣ ማለቂያ አጣ። ቁምሳጥን በወዲያኛው ጫፍ አነሰ፤ ወንዝ ማዶ እንደቆመ ሰው ሆነ። አንቺንም የሰማሁ መሰለኝ፤ ከጓሮ ሆነሽ «ና ግባ፣ መሸ!» ስትዪ። እትዬ፣ እውነቴን ነው፣ አያስፈራም ነበር። እንደውም ደስ ይል ነበር፤ መላው ሰውነቴ ታጥቦ የተሰጣ ያህል ቀለለኝ። «መጣሁ» ብዬ ልመልስልሽ አፌን ስከፍት ግን አፌ ባዶ ነበር።

የቀረውን የምነግርሽ እንደ ነገሩኝ ነው። ወደቅሁ፣ ሁሉም ሳቁ። ቁምሳጥን አንሶላውን ፊቴ ላይ ጣል አድርጎ «ሰነፍ ነበር» ብሎ ንግግሩን ጀመረ። «ብዙ ይበላ ነበር» ላይ ሲደርስ አንሶላው መንቀጥቀጥ ያዘ። «ዛሬስ አሻሽሎታል!» ብለው ሴቶቹ ሳቅ ባሰባቸው። እሱ ግን አንሶላውን ገለጠ። ምን እንዳየ እስካሁን አልነገረኝም። ብቻ ያ ግዙፍ ሰው እንደ ሕፃን አቅፎኝ ወጣ። አምቡላንስ አልጠበቀም፤ ለሆስፒታሉ ንጹሕ አንሶላ ጭና ልትወጣ የነበረችው መኪናችን ላይ አስተኝቶኝ ሄደ። መኪናዋ ደግሞ የምታውቀው አንድ በር ብቻ ነው። ስለዚህ እህትዬ፣ ወንድምሽ ሆስፒታል የገባው እንደ ሰው በድንገተኛ በር ሳይሆን በአንሶላ መቀበያው በር ነው። ተቀባዩ ሰውዬ ጥቅሎቹን ሲያወርድ ከመካከላቸው እኔን አገኘ። «ይህስ የማን ነው?» ቢል፣ ቁምሳጥን እንባውን እያዘራ «የኛ ነው፣ የኛ ነው፣ አድናችሁ መልሱልን!» አለው አሉ።

ስነቃ ነጭ አንሶላ ላይ ተኝቻለሁ። በጣቴ ጠርዙን ዳሰስኩት፤ አልገጠመም። ራሴ ያጠፍኩት ነው። እንዲህ ሆኖ ነው ለሥራ የወጣሁት ልጅ በሥራ ጫማዬ፣ የጥርስ ብሩሽ እንኳ ሳልይዝ እዚህ የቀረሁት። «ከእንግዲህ ወደ ቤት የለም፤ ቀኑ እስኪደርስ እዚሁ ትቆያለህ» አሉኝ። «ማሰሮዬን ከምድጃ ሳላወርድ ነው የወጣሁት» ብዬ ልፈታተናቸው ብሞክር፣ ዋና ነርሷ «አከራይህ ጋ ደውለናል፣ ምድጃም የለህም» አለችኝ። የምትረታ ሴት አይደለችም፤ አንቺን ትመስላለች።

እዚህ ጊዜ ራሱ የታመመ ይመስል ተኝቶ ይውላል። እንዳልንቀጠቀጥ የሚሰጡኝ መድኃኒት ያንሳፍፋል። ከራስ በላይ ነፋስ ይባል የለ? የኔ ነፋስ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ሐሳቤን አንድ ባንድ እያነሣ ገመድ ላይ ያሰጣዋል። ጣራው ላይ ያለው ስንጥቅ ወንዝ ይሆናል፤ ወንዙ ላይ ትንኝ ትቆማለች፤ ትንኟ ጀልባ ትሆንና ሰው አሳፍራ ትሄዳለች። ጠዋት ፀሐይ በመጋረጃው ስትገባ ክፍሉ በሙሉ ቀስ ብሎ ከመሬት ይነሣል። ነርሶቹ ድምፅ በሌለው ጫማቸው ከአልጋ ወደ አልጋ ሲያልፉ፣ እንዳንበር በክር የሚያስሩን ይመስለኛል። የክንዴን ግሉኮስ ሳይ «ይኸው፣ የኔም ክር» እላለሁ።

አጠገቤ የተኛው አዛውንት የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ እጆቹ ግን ገና አልወጡም። ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ሲወስደው ብርድ ልብሱ ላይ መሪ ያዞራል፣ ፌርማታዎቹን ይጠራል። «የድሮው ገበያ! ትምህርት ቤቱ! የወንዝ ዳር!» እኔም ዓይኔን ጨፍኜ እሳፈራለሁ። ያላየሁት ከተማ የለም ብልሽ እመኚኝ፤ ሁሉም ጎዳናዎች ሰፋፊዎች ናቸው፣ ሰዎቹ ከመስኮት ያውለበልባሉ፣ ዛፎቹ ወደ ኋላ ይሮጣሉ። ላሾፍበት ፈልጌ አንድ ቀን «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ። ተኝቶ ሳለ ቀኝ እግሩ ፍሬን ረገጠ። ዓይኑን ሳይገልጥ «አንተ አትወርድም፤ ያንተ ገና ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ወራጅ ብዬ አላውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ዙሪያውን ስዞር ይኸው ገጹ አለቀ። ተከራይዋ የተኛችው ንግግሬ የሚወጣበትን የአንጎል ክፍል፣ የቃል ቤትን ግድግዳ ተደግፋ ነው። እሷ ስትወጣ ግድግዳው አብሮ ሊፈርስ ይችላል። ስለዚህ የልብስ ሰፊ ጣት የመሰለ ጣት ያለው ዋናው ሐኪም ራሴን የሚከፍተው ሳልተኛ ነው። አትጩኺ! አያምም። ቆዳውንና አጥንቱን ያደነዝዙታል፣ አንጎል ራሱ ደግሞ ሕመም አያውቅም። የሰውን ሁሉ ሕመም ሲቀበል የሚውል ዕቃ የራሱን አያውቅም፤ እሱም አንቺን ይመስላል። ሐኪሙ ቦታ ቦታውን እየነካ፣ እኔ የሚያሳዩኝን ሥዕል ስም እጠራለሁ። ቃሌ ከተሰናከለ «ይህ የቃል ቤት ነው» ብሎ እጁን ያነሣል። ቃሌ ደህና ከሆነ ይቆርጣል። ከዚያ በፊት ደግሞ ጸጉሬን ይላጩኛል። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ የኔ ግን ሁለቱም በቀጠሮ ሆነ።

«በየትኛው ቋንቋ ነው የምትናገረው?» አሉኝ። በዚህ አገር ቋንቋ ሳሙና መጠየቅ እችላለሁ፤ መሳደብ፣ ማልቀስ፣ ማለም ግን በራሴ ነው። ሕልሜን የማይበት ይትረፍልኝ አልኳቸው። ስለዚህ አስተርጓሚ አመጡልኝ፤ ያገራችን ሰው ነው። ከረባቱን ተኝቶም የማያወልቅ የሚመስል፣ ጋሼ የምለው ሰው። ከተወለደ ስቆ አያውቅም ብልሽ ማጋነን አይደለም። እኔን ቀልማዳውን እንኳ «እርስዎ» ነው የሚለኝ። የንግግር ሐኪሟ ሥዕል የተሣለባቸው ካርዶች ይዛ ትመጣለች፤ እሷ ታሳያለች፣ እኔ በአማርኛ እጠራለሁ፣ ጋሼ ይተረጉማል።

በመጀመሪያው ቀን ማንኪያ፣ ወንበር፣ ጫማ እያልኩ በሥርዓት ጠራሁና ሰለቸኝ። ቁልፍ ስታሳየኝ «የአክስቴ አፍንጫ» አልኩ። ጋሼ ከረባቱን አስተካክሎ «የአክስታቸው አፍንጫ ነው ይላሉ» አለ። ሐኪሟ ጻፈች። ጃንጥላ ስታሳየኝ «የጎረቤት ሴት ስትቆጣ» አልኩ። እሱንም ተረጎመ፣ እሷም ጻፈች። መሰላሉን «የቁምሳጥን ማበጠሪያ» ስለው ጋሼ «የልብስ ቁምሳጥን ነው ወይስ የዕቃ?» ብሎ በትሕትና ጠየቀኝ። በሆዴ በሳቅ ስንፈራፈር ዋልኩ።

ከሰዓት በኋላ ዋናው ሐኪም ፊቱን አጥቁሮ መጣ። «ከጠበቅነው በላይ ቃልህን ነክታዋለች። እንዲህ ከሆነ አብዛኛውን ሳንነካ ልንተዋት ነው» አለኝ በጋሼ አፍ። እትዬ፣ ወሽመጤ ቁርጥ አለ። ተከራይዋ በኔ ቀልድ ባለቤት ልትሆን! «ኧረ ቀልዴን ነው!» ብዬ ጮህኩ። ጋሼ ወደኔ ዞሮ፣ በሐዘን፣ «ይህንንስ ቀልድ ነው ልበል ወይስ እውነት?» አለኝ።

ፈተናውን ከሥር ጀምረው ደገሙት፤ እንደ ቄስ ተማሪ አንድ ሳልስት ጠራሁ። የንግግር ሐኪሟ አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ቀስ ብላ እንዲህ አለችኝ። «የቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ ላይ ሆነህ ብትቀልድ፣ ሐኪሙ እጁን ያነሣል፣ ዕጢው ይቀራል። ቃል ጠፍቶህ እኛ ቀልድ ነው ብለን ብንስቅ ደግሞ፣ እሱ ይቆርጣል፣ ቃሉም በዚያው ይቀራል።» ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ከእንግዲህ አልቀልድም ብዬ ማልኩላት። ጋሼ በበኩሉ ቀልድ ሊማር ታጥቆ ተነሣ። ጠዋት ሲመጣ «ትናንት ያሉት፣ የትኛው ክፍሉ ነው የሚያስቀው?» ይለኛል። ቁምሳጥን አንሶላ ሊያደርስ ሲመጣ ብቅ ይልና አልጋዬ ሥር ይቆማል። የቀብር ንግግሬን አሰማኝ ብዬ ለመንኩት፤ «ከአሁን በኋላ አልናገርም» አለና መስኮቱን ያይ ጀመር። ያን ትልቅ ሰውዬ እንደዚያ አንሶ ሳየው አንጀቴን በላው።

የሆነው የሆነው ባለፈው ሳምንት ነው። ከሰዓት በኋላ፣ መጋረጃው ይነፋል፣ ሾፌሩ አውቶቡሱን ይነዳል፣ ጋሼ አጠገቤ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። አንገቴ ስለደከመኝ ትራሴን ከፍ እንዲያደርግልኝ ፈለግሁ። ትራስ። ሌላ ነገር አላሰብኩም። አፌን ስከፍት «ጋሼ፣ ዝናቡን ከፍ ያድርጉልኝ» አልኩ።

ጋሼ አፈጠጠብኝ። ከዚያ ፊቱ በአንድ ጥግ መታጠፍ ጀመረ፣ በሌላው ጥግም፤ እትዬ፣ ያ ሰው ሳቀ! «ገባኝ! ይህቺስ ገባችኝ!» እያለ ጭኑን መታ፤ ከረባቱ ዞሮ ትከሻው ላይ ወጣ። ሾፌሩ ነቅቶ ምንም ሳይገባው አብሮት ሳቀ። ነርሷ በበር ብቅ ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ሰው ሁሉ እየሳቀ ምን ላድርግ? ግን ቀልድ አልነበረም። ቃሉን ልፈልገው ወደ ውስጥ ገባሁ። ትራስ የነበረበት ቦታ ላይ ዝናብ እየዘነበ ነው። ጸጥ ያለ፣ የሚያምር ዝናብ፣ በማላውቀው ሜዳ ላይ። ቆሜ አየሁት። ያኔ ነው የፈራሁት፤ ስላማረ። እንዲህ እያማረ፣ አንድ ባንድ፣ ሁሉንም ሊወስድብኝ ይችላላ!

ቃሉስ ራት ላይ፣ ማንም ሳይጠራው፣ በራሱ ተመለሰ። እኔ ግን እንደ በፊቱ አልተመለስኩም። እስከ ዛሬ የሚከፋኝ ቀልጄ ሰው አልስቅ ሲል ነበር። ሳልቀልድ ሰው ሲስቅብኝ ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር።

ለጋሼ አልነገርኩትም፤ የዕድሜውን አንድ ሳቅ እንዴት ልንጠቀው? ለንግግር ሐኪሟ ግን በዚያ በሰባራ ቋንቋዬ ነገርኳት። ሰማችኝና «ቀልድህን ከሕመምህ የሚለይልን ሰው ማን አለህ?» አለችኝ። «እህቴ» አልኳት። ሳላስብ ነው የወጣው፣ ምንም ሳይሰናከል።

ትዝ ይልሻል? አንቺ ፊቴን ሳታዪ፣ ከግድግዳ ወዲያ ሆነሽ፣ ድምፄን ብቻ ሰምተሽ ታውቂብኝ ነበር። እንዴት እንደምታውቂ ስጠይቅሽ «ከመዋሸትህ በፊት ወንዝ ሊገባ እንዳለ ዋናተኛ አየር ትስባለህ» አልሽኝ። እውነትሽን ነው፤ አሁንም እስባለሁ፣ ራሴን ጠብቄ አይቼዋለሁ። ዝናቡን ከፍ ያድርጉልኝ ያልኩ ዕለት ግን አልሳብኩም። ጋሼ ይህን አያውቅም። እዚህ ያለ ማንም አያውቅም። በዚህች ዓለም ላይ ትንፋሼን የምታነብ አንቺ ብቻ ነሽ።

ስለዚህ ቀኑ በተቆረጠልኝ ረቡዕ፣ መጋቢት 26 ጠዋት፣ ስልክሽን ከእጅሽ አትለዪ። ሐኪሟ ትደውልልሻለች፤ ጋሼም በስልኩ ውስጥ ይኖራል፣ «እርስዎ» ሲልሽ እንዳትስቂ፣ ከልቡ ነው። የኔን ድምፅ ትሰሚያለሽ። እኔ ስም እጠራለሁ፣ የሥዕሉን ትክክለኛ ስም ጋሼ ይነግርሻል። ቃሌ ከዞረ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትይው፤ «ቀልድ ነው» ወይም «ቀልድ አይደለም»። በቃ። አልቀልድም ብዬ ምያለሁ፣ ግን ታውቂኛለሽ፣ ራሴን ከፍተውኝም ቢሆን ምላሴ ያሳክከኛል። ከቀለድኩ እንደ ሁልጊዜው አቅምሺኝ፤ «አንተ ጭራሮ፣ አርፈህ ጥራ!» በይኝ።

አንድ ነገር ግን አደራ፣ የምድር አደራ፣ የሰማይ አደራ። አንቺ አውቀሽም ትሸፍኚልኝ ነበር። የሰበርኩትን «ድመት ነው» ትይ ነበር፤ አባባ እየጮኸ ሲመጣ «ዛሬስ እውነቱን ነው፣ አብሬው ነበርኩ» ትይ ነበር። እንዲህ ሸፋፍነሽ ነው ያሳደግሽኝ። ረቡዕ ግን አትሸፍኚልኝ። ቃሌ ጠፍቶኝ ስትሰሚ፣ ሆድሽ ባብቶ «ደህና ነው፣ እየቀለደ ነው» እንዳትያቸው። ያልሽው ጊዜ ነው ሐኪሙ የሚቆርጠው። አታልቅሺም፤ ካለቀስሽ እሰማለሁ፣ ከሰማሁ ልቀልድ እሞክራለሁ፣ ያኔ ሁላችንም ጠፋን። «ቀልድ አይደለም» በያቸው። ለኔ ከዚህ የበለጠ ፍቅር የለም፣ ባይመስልሽም።

ይህን ሁሉ በስልክ ያልነገርኩሽ ሦስት ቃል ሳልጨርስ ጩኸትሽ መንደሩን ስለሚሰበስብ ነው። ደግሞም ወረቀት ታጋሽ ነው፤ ቃል እስኪመጣልኝ አይስቅብኝም። የሰረዝኳቸውን ስታዪ ትምህርቱን አቋርጦ ስለቀረ ነው ብለሽ እለፊያቸው፤ ግማሹ እውነት ነው። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ የጋሼ ወንድም ነው፤ እሱ ይስቃል፣ አትፍሪው።

ለዝምተኛው ባለቤትሽ ሰላምታዬን አቅርቢ፤ ቃል ቢቸግረኝ ሳይጠቀምባቸው ካከማቻቸው እንዲያበድረኝ ንገሪልኝ። ለትልቋ ልጅሽ፣ ጠረጴዛ ሥር ሆኜ በጆሮዋ ያስተማርኳትን ስድብ እስካሁን ካልረሳች ጎበዝ ናት በያት። ለትንሹ፣ አጎትህ የጭንቅላቱን ውስጥ በፎቶ አይቷል፣ አንተ እንደምትለው ገለባ አይደለም በይው። ለአክስታችን እጅ ነሥቻለሁ፤ አፍንጫዋ በሐኪም መዝገብ ላይ መስፈሩን ግን አትንገሪያት። ለጎረቤቶችሽ ሁሉ በያሉበት ሰላም በይልኝ፤ ስለ ረቡዕ የምትነግሪያት ካለች እሷ ትጸልይ እንጂ አታውራ።

ላንቺ የመሰናበቻውን ሰላምታ በወረቀት አልሰጥሽም። እሱን ረቡዕ ጠዋት፣ ራሴ ተከፍቶ፣ አንቺ በስልኩ ሆነሽ ጆሮዬ ላይ፣ ከሥዕሎቹ ሁሉ በፊት በአፌ እልሻለሁ። አየር ሳልስብ ነው የምለው። ዞሮ ከወጣ ንገሪያቸው።

ወንድምሽ ጭራሮ

ከሆስፒታሉ አምስተኛ ፎቅ፣ ከመስኮቱ ዳር አልጋ
ማክሰኞ፣ መጋቢት 11 ቀን